የሐዋሳ ፀሐይ የሥራ ሰዓት

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይበላለጡም። ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ጠለቀችበት 12 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ግድም ይቆጠራል፤ እጅግ በሚያጥርበት በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ደግሞ 11 ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ልዩነቱ 50 ደቂቃ አይሞላም። በከተማዋ አንድ ቀጠሮ ያለው ሰው «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» እያለ ከሚያስጠብቀው ጊዜ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

ይሁን እንጂ የቀን ርዝመት ሌላ፣ የፀሐይ መጠን ሌላ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እናስቀምጠው ከተባለ፣ የቀን ርዝመት የመግቢያና የመውጫ ፊርማ ነው፤ የፀሐይ ሰዓት የሚባለው ግን በሁለቱ ፊርማዎች መካከል የተሠራው ሥራ ነው። ፈርሞ መግባትና መሥራት ለየቅል መሆናቸውን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የጠፋ ሠራተኛ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ያልተንከራተተ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። የሐዋሳ ፀሐይም ኮቷን ሰቅላ የምትጠፋባቸው ወራት አሏት። የሚገርመው፣ ረጅሙን ሰዓት የምትፈርመው በእነዚሁ ወራት መሆኑ ነው።

አስቀድሞ ስለ ፊርማው። የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከንጋት ይነሣል፤ ጎህ ቀዶ ፀሐይ ብቅ ስትል 12 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ብሎ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው አቆጣጠር የሚያዋጣው ፀሐይ የመውጫ ሰዓቷን ከወር ወር እምብዛም በማትለዋውጥበት አገር ነው። ስቶክሆልም ላይ ቢሞከር ሰው ሁሉ ግራ ይጋባል፤ እኩለ ቀን ላይ የሚበላው ምሳ በታኅሣሥ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሰኔ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይውላል። ሐዋሳ ላይ ግን ሒሳቡ ከጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ይሠራል።

ጥቂቶቹ ደቂቃዎች የሚመጡት ከካርታው ነው። የአገሪቱ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ይህም ማለት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ በምትታየው ፀሐይ ነው። ያ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በዋርዴር አካባቢ ነው። ሐዋሳ ከዚያ በስተምዕራብ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ትርቃለች። ምድር አንዱን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት የዋርዴር ቀትር ሐዋሳ የሚደርሰው ከ26 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ልክ 12 ሰዓት ሲሞላ የምትወጣበት አንድም ቀን የለም። እጅግ በምትቀድምበት በግንቦት አጋማሽ እንኳ የምትደርሰው 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው፤ እጅግ በምታረፍድበት በጥር ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ 12 ሰዓት ከ45። የሰዓት መቆጣጠሪያ የሚይዝ አለቃ ቢኖራት ኖሮ ዓመቱን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምር ይከርም ነበር። በመውጫዋ ግን አትታማም። ከ12 ሰዓት በፊት ጠልቃ አታውቅም፤ በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት 12 ሰዓት ከ5 ላይ ትሰናበታለች፣ በሐምሌ መጀመሪያ እስከ 12 ሰዓት ከ47 ታመሻለች። ያረፈደችውን አካክሳ መሄዷ ከብዙ ሠራተኛ ለይቶ ሊያስመሰግናት ይገባል።

አጭሩ ቀን በታኅሣሥ ሆኖ ሳለ ማለዳው የሚጨልመው ለምን በጥር እንደሆነ ልጁን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅስ ወላጅ ሳይጠይቅ አይቀርም። ምክንያቱ የምድር ዘንግ ማጋደሉና በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ አለመሆኑ ነው። በሁለቱ ምክንያት እውነተኛው ቀትር በሰዓት ላይ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከሰማይ ጫፍ የምትደርሰው በጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ10 ላይ ሲሆን በየካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። በጥር ቀኑ መርዘም ቢጀምርም የተጨመረው ሁሉ ወደ ማታው ይሄዳል፤ ለማለዳው የሚተርፈው ነገር የለም። ልጁም ብርድ ልብሱን ይዞ የሚከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራው የሚለካው በሌላ መንገድ ነው። በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለው መሣሪያ አንዲት ድፍን የመስተዋት ኳስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1853 የፈለሰፋት ጆን ፍራንሲስ ካምቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሰውየው በአገሩ ይበልጥ የሚታወቀው በተረት ሰብሳቢነቱ ነው። በ1879 ያሻሻላት የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ነበር። ከኳሷ ሥር ሰዓታት የተሰመሩበት የካርቶን ቁራጭ ይገባል። ፀሐይ ስትወጣ ኳሷ ጨረሩን ሰብስባ ካርቶኑን ታቃጥለዋለች፤ ደመና ሲጋርዳት መቃጠሉ ይቆማል፤ ስትመለስ ይቀጥላል። ማታ ታዛቢው ካርቶኑን አውጥቶ የከሰለውን መስመር ይለካል። ረጅም ያልተቋረጠ ጠባሳ ከሆነ ፀሐይ ሙሉ ቀን ሠርታለች፤ የተቆራረጠ ነጠብጣብ ከሆነ ደጋግማ ሻይ ወጥታለች፤ ካርቶኑ እንደ ገባ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ የቀረችበት ቀን ነው። ዛሬ ሥራውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች እየተረከቡት ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም ወሰኑን ቆርጦታል፤ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር በአንድ ካሬ ሜትር 120 ዋት ካልሞላ ፀሐይ እንዳለች አይቆጠርም። በስስ ደመና ውስጥ ገርጥቶ የሚታይ ብርሃን ተገኝቷል እንጂ አልሠራም ማለት ነው።

እንግዲህ ካርቶኑ በሐዋሳ ዓመት ውስጥ እንዴት ይቃጠላል? የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በበጋ ከዓረብ ምድር በኩል ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅ ነው፤ ሰማዩን ጠርጎ ብራ ያደርገዋል። በታኅሣሥ አጭሩ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ የፀሐይ ነው፤ ካርቶኑም ጠዋት ሐይቁ ላይ ያለው ጤዛና ጭጋግ ከተነሣ ጀምሮ እስከ አመሻሽ ይከስላል። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። የጠራ ሰማይ ቀን ያስገባውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ስለሚያስወጣ የበጋ ሌሊት ይበርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ፀሐይ ስለጠፋች አይደለም፤ የሚጋርድ ደመና ስለጠፋ ነው።

በልግ ወላዋይ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት አንድ ሳምንት ያዘንባል፣ አንድ ሳምንት ያስመኛል። የሐዋሳ ሙቀት የሚበረታው በዚሁ ወቅት፣ በየካቲትና በመጋቢት ነው። ፀሐይ ወደ አናት እየቀረበች ደመናው ገና ስላልተደራጀ ከሁለቱም የከፋው ይደርሳል።

ክረምት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አስቂኙ የተፈጥሮ አሠራርም ያለው እዚህ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት የሐሩር ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት የሚከተለው ፀሐይን ነው። ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን ስትወጣ መቀነቱን አስከትላ ትወጣለች፤ ከኮንጎና ከአትላንቲክ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ እርጥብ አየር እየተሳበ ኢትዮጵያ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ፀሐይን የሚደብቃትን ደመና የጠራችው ራሷ ናት። ብዙ በሠራች ቁጥር መደበቂያዋን ታበዛለች። የአዲስ አበባ የብዙ ዓመታት አማካይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ቀኑ ባጠረበት በፈረንጆቹ ዲሴምበር ከ280 ሰዓት በላይ ፀሐይ ሲመዘገብ፣ ቀኑ በረዘመበት በጁላይ የሚመዘገበው 115 ሰዓት ግድም ብቻ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብላ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለተቀመጠች ክረምቷ ያን ያህል አይከፋም። 1,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ዝናቧም በሐምሌና በነሐሴ ብቻ አይወርድም፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ተበታትኖ ይመጣል። ብዙ የክረምት ቀን ማለዳው ብሩህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ ካሉት የሲዳማ ደጋዎች በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። ልብስ ያሰጣ ሰው ያን ጊዜ ወደ ደጁ ቢሮጥ ይሻለዋል። ልዩነቱ ለስለስ ይበል እንጂ ሐዋሳም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለችም፤ ረጅሙ ቀን ደመናማው፣ አጭሩ ቀን ብሩሁ ነው።

ይህን ሕግ ያለ መሣሪያ መፈተን የሚሻ ሰው በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ በዓመት ሁለት ቀን ቢቆም ይበቃዋል። በዓሉ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ይከበራል፤ ከመላ አገሪቱ ምእመናን ይጎርፋሉ፤ የሆቴል አልጋ ይጠፋል፤ ባጃጅ ዋጋ ይጨምራል። ሐምሌ 19 ፀሐይ 12 ሰዓት ከ19 ላይ ወጥታ 12 ሰዓት ከ46 ላይ ትጠልቃለች። ታኅሣሥ 19 ቀኑ ከዚያ በ44 ደቂቃ ያንሳል። በሐምሌው በዓል ታቦቱ ሲወጣ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ከእልልታው መሐል ካፊያ ይጀምራል፣ ጫማ በጭቃ ይለወሳል፣ ጃንጥላ ይዘረጋል። በታኅሣሡ በዓል ያው ሕዝብ እዚያው ቦታ ቆሞ ያንኑ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ አሁን ግን ለፀሐይ ነው። አንዲት እናት ከቦርሳቸው የሚያወጡት የታጣፊ ጃንጥላ አንዱ ሽቦ በሐምሌ ወጨፎ ተሰብሮ በክር ታስሮ ይታያል፤ ጨርቁ በታኅሣሥ ፀሐይ ነጥቶ ከመሐሉ ወይን ጠጅ፣ ከጠርዙ ሮዝ ሆኗል። በዝናብም በፀሐይም ዕቃ የማይተርፍባት ከተማ መሆኗን ከዚህ በላይ የሚመሰክር መዝገብ አይገኝም።

ፀሐይና ዝናብ በአንድ ጊዜ የሚወርዱባቸው ቀናትም አሉ፤ በተለይ በመስከረም። ልጆች «ጅብ ወለደች!» እያሉ ይጮኻሉ። መሣሪያዋ በዚያ ሰዓት ካርቶኑን ማቃጠሏን አትተውም፤ አጠገቧ ያለው የዝናብ መለኪያም መሙላቱን አይተውም። ጅቧ ግን በየትኛውም መዝገብ አትገባም።

ፀሐይ መሥራቷን ብቻ ሳይሆን ከየት አቅጣጫ እንደምትሠራም ማወቅ ይጠቅማል። ሐዋሳ በሐሩር ክልል ውስጥ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናቷ ላይ ትቆማለች፤ አንዱ በመጋቢት 30 ግድም፣ ሁለተኛው በነሐሴ 29 ግድም ነው። በእነዚያ ቀናት 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ጥላ የለውም፤ ሰውም ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል። የነሐሴውን ብዙ ጊዜ ደመና ስለሚያዳፍነው የሚያስተውለው የለም፤ የመጋቢቱን ግን ሳያስተውል የሚያልፍ የለም። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት አምስት ወራት የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፤ በቀሩት ሰባት ወራት በስተደቡብ። በታኅሣሥ ቀትር ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 1 ሜትር የሚሆን ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ ደግሞ ግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ደቡብ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጉት የከተማዋ መንገዶች ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። በበጋ በርጩማዎቿን በደቡብ በኩል ካለው ግንብ ሥር ትደረድራለች፤ በግንቦት ወደ ማዶ ታሻግራቸዋለች። ደንበኛው ለምን እንደተሻገረች አይጠይቅም፤ ተከትሎ ይሻገራል።

የሐዋሳ ሰው ከፀሐይ ጋር ያለው ጉዳይ የፍቅርም የክስም ነው። ጠዋት ትሞቃለች፤ ሕፃን ተቀብቶ በጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ ሐኪሙም አያቱም በአንድ ቃል የሚስማሙበት ብርቅ ጉዳይ ይህ ነው፤ ቆዳ በፀሐይ አማካይነት የሚሠራው ቫይታሚን ዲ አጥንት ያጠነክራል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አጠገብ ያለው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍም በዚያው ሰዓት ክንፎቹን እንደ ተከፈተ ካፖርት ግራና ቀኝ ዘርግቶ ይቆማል፤ የዓሣ አንጀት የሚጥልለት ሰው እስኪመጣ ጊዜውን አያባክንም። ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ያችው ፀሐይ ተከሳሽ ትሆናለች። ከንፈሩ ላይ የተንቸፈቸፈ፣ ራሱን የወቀረው፣ አልጋ የያዘ ሰው ሁሉ «ምች መታው» ይባላል። ላብ እንዳለው ወጥቶ፣ የሚያስጎመጅ ወጥ ሽታ ይዞት ሄዶ፣ ወይም ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ የምርመራው ውጤት ሁልጊዜ ያው ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠዋል። ፀሐይ የምትጠየቅበት ችሎት በጓሮ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የበጋ ፀሐይ ሥራዋን ባትሠራ ኖሮ ግን የሲዳማ ቡና ገበያ ችግር ላይ ይወድቅ ነበር። በይርጋለም፣ በአለታ ወንዶ፣ በበንሳ የቡናው እሸት ቀልቶ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ልክ ሰማዩ በጠራበት ወራት። ከነሥጋው የሚደርቀው ቡና ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት በተሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እስኪደርቅም ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ታጥቦ የሚሰጣው ቡና ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ቅንጡ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፣ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው እንደገና ይሸፈናል። በአልጋዎቹ መካከል እየተመላለሱ በእጃቸው የሚያገላብጡት ሴቶች ሰማዩን ቀና ብለው የሚያዩት ከየትኛውም ትንበያ ቀድመው ነው። በኅዳር ያልተጠበቀ ካፊያ ቢመጣ የሚሰማው ጩኸት በከተማ ከሚሰማው የተለየ ነው፤ የቡና ማድረቂያው ሰው ሁሉ ፕላስቲክ ይዞ ይሮጣል። ባሕር ማዶ አንድ ስኒ የሲዳማ ቡና ይዞ ስለ አበባና ስለ ፍራፍሬ ጣዕሙ የሚያደንቅ ሰው የሚጠጣው በከፊል የታኅሣሥን ፀሐይ ነው።

ሐይቁ ራሱ የፀሐይ ባለዕዳ ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝና ሌሎች ትንንሽ ጅረቶች ይገቡበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን ዓይን አያይም። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ገጹ አብዛኛውን ውሃ የምታወጣው ፀሐይ ናት፤ ዝናብ ያስገባውን እርሷ እያተነነች ትመልሳለች። ጠዋት ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ይሞቅና አየሩ ወደ ላይ ሲነሣ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ወደ ከተማዋ ይገባል። የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ይህን ነፋስ ከምግቡ ጋር አብረው ያስከፍላሉ እየተባለ ይታማሉ፤ በደረሰኝ ላይ ግን ተጽፎ አይገኝም።

ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቅ በመሆኗ ፀሐይ የምትጠልቀው በውሃው ላይ ነው፤ የመጥለቂያዋም ቦታ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከማዶ ባሉት ኮረብታዎች ላይ 47 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ይንሸራተታል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች ዓመቱን የሚቆጥሩት በዚህ ነው። በየወሩ ደንበኛቸውን የሚያቆሙበት ድንጋይ ይለወጣል። አንዲት ወጣት መዳፏን ወደ ሰማይ ዘርግታ ፀሐይን በእጇ እንደያዘች ሆና መነሣት ትፈልጋለች፤ ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ «ዝቅ አድርጊው… ትንሽ ወደ ቀኝ… ኧረ አቃጠለሽ እንዴ፣ ፈታ በይ!» ይላታል፤ ፀሐይ አትጠብቅምና እያንዳንዱ «ትንሽ» ዋጋ አለው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። በኅዳር መጀመሪያ ፀሐይ 12 ሰዓት ከ5 ላይ ስለምትጠልቅ ባጃጅ ይዞ ለመድረስ 35 ደቂቃ ብቻ አለው፤ ሰማዩ ግን እንከን የለውም። በሐምሌ ከአንድ ሰዓት በላይ ይተርፈዋል፤ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ በቆሎ እየበላ በቂ ጊዜ ይጠብቃል፤ የሚጠልቀው ግን ደመና ነው።

ሰማይን የማንበብ ሥራ በከተማዋ አዲስ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ናቸው፤ የሌሊት ሰማይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ አይተው ይወስናሉ። በዓሉ በሐዋሳ በጉዱማሌ ይከበራል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ አንዳንዱ ፊቼ ፀሐይ ላይ፣ አንዳንዱ ዝናብ ላይ ይውላል፤ ጭፈራው በሁለቱም አይቋረጥም።

የሐዋሳን ልግስና ለመመዘን ጥቂት ወደ ሰሜን መመልከት ነው። በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ያለችው ትሮምሶ ከኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ ጨርሶ አትወጣባትም፤ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ደግሞ ጨርሶ አትጠልቅባትም። በዚያ ፀሐይ በፈቃድ ትወጣለች፣ ስትመለስ ለሁለት ወር ትርፍ ሰዓት ትሠራለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ስቶክሆልም መካከለኛ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው በሐዋሳ ሰዓት ከ11 ሰዓት በፊት ነው፤ የስዊድን ሰዓት ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር ቢሆንም ጨለማው በሰዓት ተኩል ቀድሞ ይገባል። ከሐዋሳ የሚደውሉ እናት «ምነው ድምፅህ ቀዘቀዘ፣ ተኝተህ ነው እንዴ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በዲሴምበር ወር ሙሉ ስቶክሆልም የምታገኘው ፀሐይ ከ40 ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ አዲስ አበባ ያንን በአራትና በአምስት ቀን ትጨርሰዋለች። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ስለሚሻ ሐኪም ለሐበሻው ኪኒን ያዝለታል። አገር ቤት ሳለ በጃንጥላ የሸሻትን ፀሐይ በጠርሙስ እየገዛ ይውጣታል።

ጁላይ ሲመጣ ግን ስቶክሆልም በአማካይ ከ250 ሰዓት በላይ ፀሐይ ታገኛለች። ከአዲስ አበባው ከእጥፍ ይበልጣል። የልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው። በዚህ የተነሣ ዲያስፖራው ቤተሰብ የዓመት ፈቃዱን ይዞ፣ ምሽት 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን ካለበት ከተማ ተነሥቶ ሐዋሳ የሚገባው በሐምሌ ነው። ልጆቹ አገራቸው ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ እንዳላት ሲነገራቸው አድገዋል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለቱሪዝም ያወጡት «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ምድረ ቀደምት» ቢተካም፣ በብዙ የባሕር ማዶ ሳሎን ከግድግዳ አልወረደም። መፈክሩ አልዋሸም፤ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ጳጉሜን እንኳ በዝናቡ መሐል የፀሐይ ድርሻዋን አታጣም። ልጆቹ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሐይቁ ዳር ቆመው ካፊያውን ያያሉ። አባት «በታኅሣሥ ብንመጣ ኖሮ» ይላል። በታኅሣሥ የስዊድን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ የአውሮፕላኑ ትኬትም ያን ጊዜ ይወደዳል።